የጅዳ ልጆች ትምህርት ቤት፤ ኑሮው፣ በዓሉና ወረቀቱ

ስለ ባሕር ማዶ ትምህርት በማኅበራችን ስብሰባዎች ላይ ብዙ ጊዜ ተወያይተናል። ሆኖም «የውጭ አገር ተማሪ» በተባለ ቁጥር በዐይናችን ላይ ድቅን የሚለው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አገር ቤት ጨርሶ፣ ስኮላርሺፕ አግኝቶ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ የመጣው ወጣት ነው። ፊደል የቆጠረው፣ መጀመሪያ በፈተና የወደቀው፣ የመጀመሪያ ጓደኛውን ያገኘው ባሕር ማዶ የሆነ ኢትዮጵያዊ ልጅ መኖሩ ይረሳል። በጅዳና በሪያድ እንዲህ ያሉ ልጆች በርካታ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ከማኅበራችን አባሎች መካከልም ጥቂቶቻችን ከነሱው ነን።

የጥናት ክበቡ ስለዚህ ጉዳይ ጽሑፍ እንድናቀርብ በጠየቀን ጊዜ፣ ሕክምና የምንማር ሰዎች ስለ ትምህርት ቤት ምን እናውቃለን ብለን አመንትተን ነበር። ኋላ ግን ያየነውን ለመጻፍ የግድ የትምህርት ሊቅ መሆን አያሻም በማለት ተቀበልነው። በዚህ ጽሑፍ «እኛ» የምንለው በአንድ የጅዳ ትምህርት ቤት አብረን ያደግነውን ነው። የምናመሰግነውም የምንወቅሰውም ነገር ስላለ የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም።

የሰሌዳው ቃል

«ዓለም አቀፍ» የሚለው ቃል በጅዳ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይታያል። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ከሰሌዳው በስተጀርባ ያለው ነገር አንድ አይደለም። በአንድ ወገን የውጭ አገር ኩባንያ ባለሙያዎች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩባቸው አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የአሜሪካኖቹ ትምህርት ቤት ከነዚህ የሚቆጠር ነው። እንዲህ ባሉት ዘንድ የልጁን ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው የአባቱ አሠሪ ነው። በሌላ ወገን ብዙ ሠራተኛ የላኩ አገሮች ማኅበረሰቦች ያቋቋሟቸው አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው የሕንዶቹ ትምህርት ቤት በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን የሚይዝ ትልቅ ተቋም ሆኗል። ከነዚህ ቀጥሎ እንደኛው በኮሚኒቲ የሚተዳደሩት ይመጣሉ። የነዚህ ገቢ ሹፌሩ፣ ዘበኛው፣ ነርሷ፣ ባለ ሱቁ፣ በሰው ቤት የምትሠራዋ እናት ከደመወዛቸው ቆርሰው የሚከፍሉት ነው። ወርኃዊው ክፍያ ሲዘገይ የመምህሩ ደመወዝ ይዘገያል፤ የመምህሩ ደመወዝ ሲዘገይ ክፍሉ ያለ አስተማሪ ይውላል። ሒሳቡ ይኸው ነው።

እንግዲህ የአንድ ከተማ ልጆች በየትኛው ሰሌዳ ሥር እንደሚማሩ የሚወስነው የልጁ ችሎታ ሳይሆን የአባቱ አሠሪ ማንነት ነው። ይህን የተረዳነው ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ጊዜ ለኳስ ግጥሚያ ወደ አንድ ሀብታም ትምህርት ቤት ሄድን። ሜዳው ሣር ነበር። እኛ የለመድነው የትምህርት ቤታችንን ግቢ ሲሚንቶ ስለነበረ፣ ግማሹን ጊዜ ያሳለፍነው ለመውደቅ ሰበብ ስንፈልግ ነው። አምስት ለአንድ ተሸንፈን ደስ ብሎን ተመለስን።

ደግሞ ይህ ዓይነት ትምህርት ቤት የነዳጅ ዘመን ፈጠራ እንዳይመስለን። ከጅዳ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በመካ፣ ከብዙ አገር የመጡ ተማሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚማሩበት ቤት ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት ነበረ። ራህመቱላህ ካይራናዊ የተባሉ የሕንድ ሊቅ፣ ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ1857 በእንግሊዝ ላይ ያነሡት ዐመፅ ሲከሽፍ ወደ መካ ተሰደው፣ በ1870ዎቹ ዓመታት ሰውለቲያ የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ስሙ የተወሰደው ገንዘቡን ከሰጡት ከካልካታዋ ሴት ከወይዘሮ ሰውለት ኒሳ ነው። ከሕንድም፣ ከጃቫም፣ ከማላይም ተማሪዎች ጎረፉበት።

ለኛ ለተማሪ ማኅበር አባሎች ይበልጥ የሚስበው ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 በዚሁ ትምህርት ቤት ብጥብጥ ተነሣ። እንደሚነገረው ከሆነ አንድ መምህር በማላይ ቋንቋ የታተመ ጋዜጣ ከተማሪ እጅ ነጥቆ ቀደደ፤ የልጆቹንም ሕዝብ ሰደበ። የማላይና የኢንዶኔዢያ ተማሪዎች ተነሥተው ወጡ። በወጡ ጊዜም አቤቱታ በማቅረብ ብቻ አላበቁም፤ ከአገራቸው ሊቃውንት ጋር ሆነው እዚያው መካ ውስጥ ዳር አል ዑሉም የተባለ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። የጸቡ መነሻ የትምህርቱ ይዘት አልነበረም። ሃይማኖቱም አንድ፣ መጽሐፉም አንድ፣ የሚማሩበትም ዐረብኛ አንድ ነበር። የተጣሉት ተማሪው ከክፍል ውጭ በገዛ ቋንቋው ማንበብ ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ነገር ነው። ይህን ጥያቄ በልባችን ይዘን ወደፊት እንሂድ።

የኛም ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ። በካይሮው አል አዝሃር ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ የሚሄዱ ሙስሊም ተማሪዎች የሚያድሩበት፣ «የጀበርቲዎች ሪዋቅ» የሚባል የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። የግብፅ ታላቅ ታሪክ ጸሐፊ የሆነው አብዱረሕማን አል ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) የዚያን ክፍል ኃላፊነት ከያዘ ቤተሰብ የተወለደ ነው። ባሕር ማዶ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር መቼ ተጀመረ ብለን ስንከራከር ይህን ሪዋቅ የሚጠቅስ ሰው አለመኖሩ ይገርመናል። በመካም በዳር አል ሐዲስ ትምህርት ቤት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ አስተማሪዎችም ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 መካ ላይ ያረፉት ሼኽ ሙሐመድ ዓሊ አደም በሶሒሕ ሙስሊም ላይ የጻፉት ማብራሪያ ብቻውን በደርዘን የሚቆጠሩ ቅጾች አሉት፤ ሼኽ ሙሐመድ አሚን አል ሀረሪም ሰፊ የቁርኣን ትርጓሜ ጽፈዋል። ከጅዳ ጎዳና ላይ «ሐበሺ» እየተባለ የሚሰደብ ልጅ እነዚህን ስሞች ቢያውቅ መልካም ነበር። እኛ ያወቅናቸው ካደግን በኋላ ነው።

ሦስት ቁጥር ባንድ ግድግዳ

የትምህርት ቤታችን አውቶቡስ ጧት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከጉለይል ተነሥቶ በከንደራና በሸረፊያ በኩል ልጆች ይለቅማል። ሹፌሩ ባንግላዴሻዊ ነበር፤ ከኛ የተማረው አማርኛ «ቶሎ ቶሎ» እና «ተቀመጥ» ብቻ ነው። ወንዶች በፊት በር፣ ሴቶች በኋላ በር ይወርዳሉ። ከፍ ካለው ክፍል ጀምሮ ወንድና ሴት በተለያየ ፎቅ ስለሚማሩ፣ ወንድምና እኅት ጧት ደረጃው ላይ ተለያይተው ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ላይ ይገናኛሉ።

ከርእሰ መምህሩ ቢሮ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ሦስት የቀን መቁጠሪያዎች ተሰቅለው ነበር፤ የኛው የኢትዮጵያ፣ የሂጅራውና የፈረንጁ። ይህ ለጌጥ አልነበረም። መማሪያ መጻሕፍቱና ፈተናው በኢትዮጵያ ዘመን ይሄዳሉ። ትምህርት የሚዘጋውና የሚከፈተው በሳዑዲ መንግሥት የትምህርት ዘመን ነው። ረመዳንና ሁለቱ ዒዶች በጨረቃ ይመጣሉ። የቤት ኪራይ ደግሞ የሚከፈለው ውሉ በተጻፈበት ቁጥር ነው። የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር፣ በዓሎቹ በየዓመቱ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራሉ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ መምህራችን ይህንኑ አስልተን እንድናመጣ የቤት ሥራ ሰጡን። እስከ ዛሬ ካደረግነው የቤት ሥራ ሁሉ የጠቀመን እሱ ነው እንላለን።

ሰዓቱም እንዲሁ። ጅዳና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ ሆኖም ደወሉ ሲደወል መምህሩ «ሁለት ሰዓት» ይላሉ፣ የግድግዳው ሰዓት ስምንት ይላል። ዐረቦች በእንዲህ ያለው አቆጣጠር ይስቁብናል እንዳንል፣ እነሱም ቀድሞ ሰዓትን ከፀሐይ መጥለቅ ጀምረው ይቆጥሩ ነበር፤ የተዉት ሩቅ በማይባል ጊዜ ነው። ይህን የነገሩን አንድ ሽማግሌ የመጽሐፍ መደብር ባለቤት ናቸው፤ የኛ ሰዓት የአያታቸውን እንደሚያስታውሳቸው ሲነግሩን እንባ ቀረሽ ፈገግታ ነበራቸው።

የሳምንቱም ዕረፍት ተለውጧል። ትምህርት የጀመርነው ሐሙስና ዓርብ እያረፍን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሰኔ ወር መጨረሻ ላይ ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ሆነ። በሁለቱም ዘመን እሑድ የትምህርት ቀን ነው። የክርስቲያን ቤተሰብ ልጆች እሑድን ያወቁት በወላጆቻቸው ስልክ ላይ ከአገር ቤት በሚመጣ የቅዳሴ ድምፅ ነው፤ እሱም ከትምህርት መልስ።

ስለ ቋንቋው እንነጋገር። የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነበረን፤ መጽሐፉ ከአዲስ አበባ ሲዘገይ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ገልብጠው ያጽፉን ነበር። በዕረፍት ሰዓት ግን የምንናገረው ሌላ ነው። «ያላ እንሂድ»፣ «ኻላስ ተወው»፣ «ሙደረሱ መጣ» የሚባልበት፣ ዐረብኛው በአማርኛ ግስ የታሰረበት ቋንቋ ነው። ከፊሎቻችን ቤት ኦሮምኛ፣ ከፊሎቻችን ቤት ትግርኛ፣ አደርኛ፣ ስልጢኛ ይነገራል። አማርኛው ለብዙዎቻችን የትምህርት ቤቱ ቋንቋ እንጂ የእናት ቋንቋ አልነበረም። አንድ ሕፃን «ዝናብ» የሚለውን ቃል ሲያነብ «ይህ በምን ቀን ይመጣል?» ብሎ ጠየቀ። ጅዳ ላይ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ይዘንባል፤ በዘነበም ጊዜ ትምህርት ይዘጋል፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 በጎርፉ ከመቶ በላይ ሰዎች ከሞቱ ወዲህ ደመና ሲታይ እናቶች ልጅ አይልኩም። ስለ ክረምት የሚተርከው የንባብ ምዕራፍ እንዴት እንደተማርን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ምሳ ከቤት ይመጣል። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክሎ ስለነበር፣ እናቶቻችን እንጀራውን ከሩዝ ዱቄትና ከስንዴ ቀላቅለው ይጋግሩ ነበር። ነጭና ስስ ነው፤ ዐይኑ ጥቂት ነው። አገር ቤት ሄደን እውነተኛውን የጤፍ እንጀራ ስንቀምስ «ይህ ጎምዝዟል» ብለን አያቶቻችንን አሳዝነናል።

ከተማርነው ሙያ አንጻር አንድ ነገር ጣል እናድርግ። የትምህርት ቤታችን ግቢ ጥላ ያለው ጠባብ ነበር፤ ሙቀቱም ስለሚከብድ ዕረፍቱ በክፍል ውስጥ ያልፋል። ሴቶቹ ልጆች ከቤት ወደ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ወደ ፎቅ እንጂ ፀሐይ አይነካቸውም። ቆዳ ቪታሚን ዲን የሚሠራው የፀሐይ ጨረር በቀጥታ ሲያገኘው ነው፤ መስኮት ያንን ጨረር ያስቀራል። በሳዑዲ የተደረጉ ጥናቶች በዚያ ሁሉ ፀሐይ መካከል የዚህ ቪታሚን እጥረት በተለይ በሴቶች ልጆች ላይ ብዙ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። የክፍላችን ልጆች «እግሬን አመመኝ» ሲሉ ከሥራ መሸሽ ይመስለን ነበር። ዛሬ የአጥንት ምዕራፍ ስናነብ ከፊታችን የሚመጡት እነሱ ናቸው።

በዓላቱ

አደይ አበባ ጅዳ ላይ አይበቅልም። ስለሆነም በነሐሴ መጨረሻ ቢጫ ወረቀት ይገዛል፤ ሴቶቹ ቆርጠው፣ በሽቦ አስረው፣ የላይኛውን ፎቅ ኮሪደር ሜዳ ያስመስሉታል። ውጭ ያለው ሙቀት አርባ ዲግሪ ይጠጋል፣ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ልብስ ያጣብቃል፤ ውስጥ በአየር ማቀዝቀዣ እየተንቀጠቀጥን እንቁጣጣሽን እናከብራለን። የሐበሻ ቀሚስ ያላት ለሌላት ታውሳለች፤ አንዱ ቀሚስ በአንድ ቀን ሦስት ልጅ ላይ ሲወጣ አይተናል። ወንዶቹ ሥዕል ሥለው ለመምህራኑ ይሰጣሉ፤ አንድ ሪያል ያገኘ ዕድለኛ ነው። ደመራ ግን አይነድም፤ በኪራይ ቪላ ግቢ ውስጥ እሳት ማንደድ ከዘበኛውም ከመንግሥቱም ጋር ያጣላል።

መስከረም 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ሦስቱ መቁጠሪያዎች ተገናኙ። ያ ቀን በፈረንጁ መስከረም 11 ቀን 2016፣ በሂጅራው ዙልሒጃ 9 ቀን 1437 ነበር። ይኸውም ሐጃጆች ዐረፋ ላይ የሚቆሙበት ቀን ነው። ሐጅ ላይ ያልሆነ ብዙ ሙስሊም ያን ቀን ይጾማል። ትምህርት ገና አልተከፈተም፤ ስለዚህ ክፍላችን በአንድ ጓደኛችን ቤት ተሰበሰበ። የሙስሊሞቹ እናቶች ጾመኛ ሆነው ለክርስቲያኖቹ ልጆች ዶሮ ሠሩ፤ ክርስቲያኖቹ ልጆች ደግሞ ጓደኞቻቸው ሳይበሉ አንበላም ብለው ወጡን እያዩ እስከ መግሪብ ተቀመጡ። አንዲት እናት «የናንተ ጾም የማን ጾም ነው?» ብለው ሲስቁ እናስታውሳለን። ማታ ሁሉም በአንድ ትሪ በላ። ማግስቱ ዒድ ነበር።

ይህን ያመጣነው አገር ቤት የለመደው መተሳሰብ እዚያም ነበር ለማለት ብቻ አይደለም። ልዩነትም ነበር፤ ልዩነቱም ትምህርት ሰጥቶናል። በኢትዮጵያ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ዒድ አል ፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ ከገናና ከጥምቀት ጋር የሕዝብ በዓላት ናቸው። በሳዑዲ ግን መውሊድ የመንግሥት በዓል አይደለም፤ የሃይማኖቱ መሥሪያ ቤትም ማክበሩን አይደግፍም። ከወሎ የመጡ አባቶቻችን መውሊድን የሚያከብሩት መጋረጃ ዘግተው፣ መንዙማውን ድምፅ ቀንሰው ነው። የክርስቲያኖቹ ገናም እንዲሁ መጋረጃ ተዘግቶ ይከበራል፤ ከእስልምና ውጭ ያለ የአደባባይ አምልኮ በአገሩ የተከለከለ ነውና። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት መጋረጃ ሲዘጋ፣ አንደኛው በመውሊድ አንደኛው በገና፣ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሌላ ዓይነት መግባባት ይጀምራሉ። ትልልቆቹ ያላስተማሩንን ይህን መጋረጃ አስተማረን።

የዓድዋ በዓል የካቲት 23 ቀን ድራማ አለው። የምኒልክን ካባ ለመልበስ ጸብ ነበር፤ ጣልያን ለመሆን የሚፈቅድ ስለሌለ መምህሩ ዕጣ ያወጣሉ። ስለ ብሔር ብሔረሰቦች ቀን ብዙ አንልም፤ ጭፈራው ጥሩ ነበር፣ ንግግሩ ረዥም ነበር።

የመካ መንገድ

በየዓመቱ ከፈተና በኋላ ትምህርት ቤቱ ለዑምራ ጉዞ ያዘጋጅ ነበር። አውቶቡሱ በመካ አውራ ጎዳና ላይ ሲደርስ አንድ ታላቅ ምልክት ይታያል፤ አንዱ መንገድ ለሙስሊሞች ብቻ ይላል፣ ሌላው ሙስሊም ያልሆነውን መካን አስቀርቶ ይወስዳል። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ወደ መካ መግባት አይፈቀድለትም፤ ይህ የአገሩ ሕግ ነው። ስለዚህ በጉዞው ቀን ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። የቀሩት ያን ቀን ትምህርት ቤት መጥተው ሥዕል ይሥላሉ፤ መምህሩ ያንቀላፋሉ።

የሄድነው ስንመለስ ዘምዘም በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘን፣ ቴምርና ትናንሽ ስጦታ ገዝተን እናድላለን። የቀሩት የሠሩትን ሥዕል ይሰጡናል። አንድ ጊዜ አንድ የቀረ ልጅ የካዕባን ሥዕል ሥሎ ጠበቀን፤ አራት ማዕዘኑን ጥቁር፣ በላዩ ላይ አንድ ጥቁር ሰው። «ይህ ቢላል ነው» አለ። እ.ኤ.አ. በ630 መካ ስትከፈት ሐበሻዊው ቢላል ካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን ማድረጉን ከእስልምና ትምህርት ክፍል በር ላይ ቆሞ ሰምቶ ኖሯል። በዚያ ክፍል ስለ ሂጅራ የተማርነውም በደንብ ይታወሰናል። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢዩ ተከታዮች በመካ ሲበደሉ ወደ ሐበሻ ተሰደዱ፤ ክርስቲያኑ ንጉሥ ነጃሺ ተቀበላቸው፤ የመካ ሰዎች አሳልፈህ ስጠን ብለው መልእክተኛና ስጦታ ቢልኩም እምቢ አለ። ዐረቡ መምህር ይህን ሲያስተምሩ ወደኛ ዞረው እንደ ባለ ውለታ ያዩን ነበር። ከግቢው በር ውጭ ግን ያ አመለካከት አይከተለንም።

የጤናን ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ወቅት የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ያው የባክቴሪያ ዘር በ1988 በሱዳን፣ በ1989 በኢትዮጵያ ብርቱ ወረርሽኝ አስከተለ። ኢትዮጵያ የበሽታው ቀበቶ ከሚባሉት አገሮች ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ሌላ ዓይነት ዘር በሐጃጆች መካከል ታየ፤ ከዚያ ወዲህ አራቱን ዘሮች የሚከላከል ክትባት ለሐጃጅ ሁሉ ግዴታ ሆነ። ሰው በብዛት ተጨናንቆ በሚያድርበት ቦታ ባክቴሪያው በትንፋሽ ከጉሮሮ ወደ ጉሮሮ ያልፋል፤ ተሸካሚው ራሱ ሳይታመም ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ለዚህ ነው የተጓዡ ክትባት ለተጓዡ ብቻ ያልሆነው። ከጉዞው በፊት መርፌ እየፈራን ስናለቅስ ይህን የነገረን አልነበረም። «ሐጢአት ያስተሰርያል» ብላ ያታለለችን ነርስ ነበረች፤ ሠርቷል።

በዚያው በመካ መንገድ ላይ ሹሜሲ የሚባል ቦታ አለ። ከአገር የሚባረሩ ሰዎች እስኪሸኙ የሚቆዩበት ነው። ለዑምራ ስናልፍ በግራና በቀኝ ማየት ትተን መዝሙር እንዘምር ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ስለዚያ ነው።

ወረቀቱ

በሳዑዲ የሚኖር የውጭ አገር ሰው ከፊል ነበረው፤ ከፊሉ ያላሠራው ሰው ሌላ ቦታ ሊሠራ አይፈቀድለትም ነበር። በኮሚኒቲ ትምህርት ቤቶች ከሚያስተምሩት ብዙዎቹ ሴቶች በባሎቻቸው ኢቃማ የሚኖሩ ነበሩ፤ ይህ የኛ ብቻ ሳይሆን የሌሎችም ማኅበረሰቦች ሁኔታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደይ ወራት ቁጥጥሩ ሲጠብቅ መምህራኑ ከቤት ቀሩ፤ ትምህርት ቤቶች ለቀናት ተዘጉ። ቀጥሎ ንጉሥ አብደላ ወረቀት ለማስተካከል የሦስት ወር ጊዜ ሰጡ፤ ጊዜውም እስከ ሂጅራው ዓመት 1434 መጨረሻ ተራዘመ።

ጥቅምት 25 ቀን 2006 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። በሂጅራው ሙሐረም 1 ቀን 1435፣ ማለትም የአዲስ ዓመት መባቻ ነው። በግድግዳችን ላይ ካሉት ሦስት ቁጥሮች በአንደኛው ገጽ የሚገለጥበት ጧት። እኛ ሰባተኛ ክፍል ነበርን። መምህሩ ስም ሲጠሩ ከሠላሳ አራታችን የመለስነው አሥራ አንድ ብቻ ነን። መምህሩ መዝገቡን ዘግተው እንደገና ከመጀመሪያው ጠሩ፤ ያው አሥራ አንድ ነን። አውቶቡሱ በጉለይል በኩል አላለፈም። በዚያው ሳምንት በሪያድ በመንፉሃ ሰፈር የኢትዮጵያውያን ሕይወት ጠፋ። ከዚያ በቀጠሉት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ተመለሱ። ከነሱ ጋር የተመለሱት ልጆች ከአውሮፕላን የወረዱት ደብተራቸውን ሳይዙ ነው።

እዚህ ላይ ወቀሳችንን እናቅርብ። ያ የትምህርት ቤታችን አስተዳደር የሄዱትን ልጆች ካርድ ያለባቸው ክፍያ ካልተጠናቀቀ አንሰጥም አለ። ባልደረባችን የነበረ አንድ ልጅ ከሚሴ ላይ የስድስተኛ ክፍል ውጤቱን ማሳየት ስላልቻለ እንደገና አምስተኛ ገባ። ገንዘብ አልነበረም፤ ይህን እናውቃለን። ወረቀቱ ግን የልጁ ነበር።

ሁለተኛው ምት ድምፅ አልነበረውም። ከሰኔ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. (ሐምሌ 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የውጭ አገር ሠራተኛ ለሚያስተዳድረው ለእያንዳንዱ ቤተሰቡ በወር 100 ሪያል እንዲከፍል ተደነገገ። ክፍያው በየዓመቱ በመቶ እያደገ እ.ኤ.አ. በ2020 ወር በገባ 400 ሪያል ደረሰ። ሒሳቡን እናስላው። ሚስትና አራት ልጆች ያሉት ሹፌር በመጀመሪያው ዓመት ለአምስት ሰው 6,000 ሪያል፣ በአራተኛው ዓመት 24,000 ሪያል ይከፍላል፤ ኢቃማ ሲታደስም የዓመቱን በአንድ ጊዜ ያቀርብ ነበር። ይህ የትምህርት ቤት ክፍያንም፣ ኪራይንም፣ እንጀራንም አይጨምርም። በወር 2,500 ሪያል የሚያገኝ ሰው በአራተኛው ዓመት ከደመወዙ አብዛኛው ለወረቀት ይሄዳል። ስለሆነም አባቶች ሚስትና ልጆቻቸውን ወደ አገር ሰደው ብቻቸውን ቀሩ። በ2013 ልጆቹን የወሰዳቸው ፖሊስ ነው ቢባል፣ በ2017 የወሰዳቸው መደመርና ማባዛት ነው። የክፍሉ ቁጥር ሲቀንስ ክፍያ ይቀንሳል፤ ክፍያ ሲቀንስ ላልሄደው ልጅ መምህር ይታጣል። ከላይ የጻፍነው ሒሳብ አሁን ወደ ኋላ ይሠራ ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጉለይልን የመሳሰሉት የድሃ ሰፈሮች ለከተማው መልሶ ግንባታ ፈረሱ። አውቶቡሱ ዛሬ በዚያ ቢያልፍም የሚቆምበት በር የለም።

የዚያ የመካው ጋዜጣ ጥያቄ ከተመለሱት ልጆች ጋር ተመልሶ መጥቷል፤ በተገላቢጦሽ። ጅዳ ላይ አማርኛቸው እንዳይጠፋ ስንከራከርላቸው የነበሩት ልጆች፣ አገር ቤት ሲገቡ ዐረብኛቸው መሳቂያ ሆነ። በአንድ የወሎ ትምህርት ቤት ከቀኝ ወደ ግራ የሚጽፍ ልጅ ለወራት «ዘገምተኛ» ተብሎ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር። በዐረብኛ ሒሳብ ሲሰጠው ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። ይህን ያደረገው መምህር ራሱ ቀድሞ ከሰንዓ የተመለሰ ሰው ነው።

የጥናት ክበቡ በሚቀጥሉት ወራት የእንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶችን ወረቀት ለማሰባሰብ ወስኗል። በጅዳ፣ በሪያድ፣ በሰንዓ ወይም በካርቱም የተማራችሁ፣ የክፍል ፎቶግራፍ፣ የበዓል ፕሮግራም፣ የውጤት ካርድ፣ ደብተር ካላችሁ ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን አድርሱን። ከሁሉ በፊት የምንፈልገው የስም ዝርዝር ነው፤ ካርድ ለተከለከሉት ልጆች አብሮ መማራቸውን የሚመሰክር ቢያንስ ሌላ ተማሪ እንዲገኝ።

በኛ እጅ ያለው አንድ ፎቶግራፍ ነው። በ2005 ዓ.ም. ማብቂያ በስድስተኛ ክፍል በር ላይ የተነሣ ነው፤ ከበስተጀርባው የወረቀት አደይ አበባ ይታያል፣ ካለፈው መስከረም ሳይነሣ የቀረ። ሠላሳ አራታችንም አለን። እስካሁን የአሥራ ዘጠኛችንን አድራሻ አግኝተናል።